በፎቶ የሚሞላ መደብር፦ በደማምና በኮባር ሱቆች የዕቃ መግለጫ በብዛት የሚዘጋጅበት መንገድ

ደማም፦ በደማም መሐል ከተማ «ሱቅ አል ሁብ» ወይም «የፍቅር ገበያ» በሚባለው ነባር ገበያም ሆነ በኮባር የንግድ ጎዳናዎች፣ ብዙ አነስተኛ ሱቆች ቀትር ላይ ተዘግተው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ እንደገና ይከፈታሉ። ገበያተኛው በሌለበት በዚህ ሰዓት በአንዳንድ ሱቆች ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሠራተኛው አባያውን፣ ሽቶውን፣ ጫማውን ወይም የቡና ዕቃውን በየተራ አውጥቶ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አሠሪው የኦንላይን መደብር ከፍቷል፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ መታየት አለበት።

ሦስት መቶ ዓይነት ዕቃ ያለውን ሱቅ ለምሳሌ እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ መግለጫ፣ ዋጋ፣ መጠንና ምስል እየጻፉ አንድ በአንድ መጫን ለአንዱ ዕቃ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ጠቅላላ ሥራው ስድሳ ሰዓት ይወስዳል። ዛሬ ግን ፎቶውን አይቶ የዕቃውን ስምና መግለጫ ራሱ የሚያረቅ ሶፍትዌር አለ። ረቂቁም በአንድ ሠንጠረዥ ተሞልቶ ሦስት መቶው ዕቃ በአንድ ጊዜ ወደ መደብሩ ሊገባ ይችላል። ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። ይሁን እንጂ አንድ የተሳሳተ ግምትም በዚያው ፍጥነት በሦስት መቶ ዕቃ ላይ ይባዛል። ስለዚህ የሥራው ዋና ጥያቄ የትኛው መረጃ ከፎቶ ሊገኝ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ከመለያ ጽሑፉ፣ ከሚዛኑና ከደረሰኙ ብቻ መወሰድ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ነው።

መደብሮቹና አሠራራቸው

በሳዑዲ ዓረቢያ የኦንላይን መደብር ለመክፈት በስፋት ከሚታወቁት መድረኮች አንዱ በመካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመሠረተው «ሰላ» ነው፤ ስሙ በዓረብኛ «ቅርጫት» ማለት ነው። ሌላው በ2017 የተመሠረተው «ዚድ» ሲሆን ትርጉሙ «ጨምር» እንደ ማለት ነው። በእነዚህ መድረኮች ነጋዴው በራሱ ስም የሚጠራ መደብር ይኖረዋል። ከዚህ የተለዩት ደግሞ ብዙ ሻጮች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙባቸው የጋራ ገበያዎች ናቸው። «ሱቅ ዶት ኮም» የነበረው በ2020 «አማዞን ሳዑዲ» ተብሎ ሥራ ጀምሯል፤ «ኑን» የተባለውም በ2017 መጨረሻ ወደ ሳዑዲ ገበያ ገብቷል። በጣም አነስተኛ የሆኑ ነጋዴዎች በዋትሳፕ ቢዝነስ ላይ ያለውን የዕቃ ካታሎግ ይጠቀማሉ፤ በዚህ ካታሎግ እስከ 500 ዕቃ ማሳየት ይቻላል።

የመደብር መድረኮቹና የጋራ ገበያዎቹ ዕቃን በብዛት የሚቀበሉበት መንገድ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። መድረኩ ባዶ ሠንጠረዥ ያቀርባል። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ስም፣ መግለጫ፣ ዋጋ፣ ክብደት፣ ባርኮድ፣ ብዛት፣ የምስል ሊንክ እያለ ይቀጥላል። ነጋዴው ሠንጠረዡን ሞልቶ መልሶ ሲጭነው መድረኩ ከየረድፉ አንድ የመደብር ገጽ ይሠራል።

አዲሱ ነገር የሠንጠረዡ አሞላል ነው። የጨረታና የሽያጭ ገበያ የሆነው «ኢቤይ» በ2023 መስከረም ወር፣ ሻጩ ፎቶ ሲያነሳ ርዕሱን፣ መግለጫውንና የዕቃውን ምድብ ራሱ የሚያረቅ መሣሪያ አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ አገልግሎት በሌሎች የንግድ መድረኮችና በአጠቃላይ አገልግሎት በሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ሊገኝ ችሏል። ፕሮግራሙ ከዚህ ቀደም ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ምስሎችና ጽሑፎች ተነስቶ በፎቶው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሚመስል ይገምታል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈ ቃል ካለም ያነባል። ከዚያ ሁለቱን አዋህዶ ዓረፍተ ነገር ይሠራል።

ፎቶ የሚያሳየውና የማያሳየው

ስለ አንድ ዕቃ የሚነገረው መረጃ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በዓይን የሚታየው ነው፦ ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ጥልፉ፣ የእጅጌው ርዝመት፣ የመዝጊያው ዓይነት። ይህን ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል። ሁለተኛው በማሸጊያው ወይም በመለያው ላይ ተጽፎ ያለው ነው፦ የአምራቹ ስም፣ ይዘቱ በሚሊ ሊትር፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የተመረተበት አገር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን። ይህን ሶፍትዌሩ የሚያውቀው መለያው ራሱ በግልጽ ፎቶ ከተነሳ ብቻ ነው። ሦስተኛው በፎቶ ጨርሶ የማይታየው ነው፦ ዋጋው፣ በመጋዘን ያለው ብዛት፣ ክብደቱ፣ ዋስትናው።

ችግር የሚፈጠረው ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» ከማለት ይልቅ በተመሳሳይ የመተማመን ቃና ስለሚጽፈው ነው። የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር አባያ በፎቶ ላይ ሐር ሊመስል ይችላል፤ መግለጫውም «ንጹሕ ሐር» ብሎ ሊወጣ ይችላል። የወርቅ ቅብ ጉትቻ «ወርቅ» ይባላል። ሰው ሠራሽ ቆዳ «እውነተኛ ቆዳ» ይሆናል። የአንድ ሽቶ የ50 እና የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች ለየብቻቸው ሲነሱ በፎቶ ላይ እኩል ስለሚታዩ፣ ትንሹ በትልቁ መጠን ሊመዘገብ ይችላል። ዕቃውን በእጁ ይዞ የሚያየው ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ስሕተት ወዲያውኑ ይለየዋል። በስልኩ ብቻ የሚያየው ገዢ ግን የሚያምነው የተጻፈውን ነው።

በባርኮድ ላይም የተለመደ አለመግባባት አለ። በ628 የሚጀምር የዐሥራ ሦስት አኃዝ ባርኮድ ቁጥሩ በሳዑዲ ዓረቢያ የባርኮድ ድርጅት በኩል መሰጠቱን ያመለክታል። ዕቃው በሳዑዲ ስለመመረቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ በሌላ አገር ተመርቶ የሳዑዲ ኩባንያ ያስመጣው ሊሆን ይችላል። የተመረተበትን አገር ከባርኮድ ገምቶ መጻፍ፣ በሰውም ሆነ በሶፍትዌር ቢደረግ፣ ስሕተት ነው። አገሩ የሚጻፈው ከመለያው ላይ ተነብቦ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ውበቱን የሚያሳየው ፎቶ ብቻ ሳይሆን የመለያውም ፎቶ ይነሳል። ሶፍትዌሩ መመሪያ ሲሰጠውም «በፎቶው ላይ ተጽፎ ያላየኸውን መጠን፣ ጨርቅ፣ አገርና ክብደት ባዶ ተው» መባል አለበት። በሠንጠረዥ ላይ ባዶ የቀረ ቦታ ሠራተኛው አይቶ ይሞላዋል። በግምት የተሞላ ቦታ ግን እውነት መስሎ ያልፋል።

ፎቶውን በሥርዓት ማንሳት

በብዛት ሲሠራ የመጀመሪያው አደጋ የፎቶዎች መደባለቅ ነው። ሦስት መቶ ዕቃ ለየአንዳንዱ አራት ፎቶ ቢነሳለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ምስል ይሆናል። የአንዱ ዕቃ ምስል ወደ ሌላው ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ረድፍ ሁሉ ሊዛባ ይችላል። ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ ዕቃ አጭር ኮድ በወረቀት ላይ ይጻፍለታል። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት የኮዱ ወረቀት ብቻውን ይነሳል፤ ቀጥሎ የዕቃው ፊት፣ ጀርባው፣ የቅርብ ዝርዝሩ፣ በመጨረሻም መለያው ይነሳል። ፎቶዎቹ ሲደረደሩ የኮዱ ወረቀት በሁለት ዕቃዎች መካከል እንደ ድንበር ይቆማል። የፋይሉም ስም ኮዱንና ተራ ቁጥሩን ይይዛል።

የምሥራቃዊው ግዛት የባሕር ጠረፍ አየር ለፎቶግራፍ የራሱ ፈተና አለው። በበጋ ወራት እርጥበቱ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በአየር ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ስልክ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌንሱ ላይ ጉም ይቋጠራል። ስልኩ ከውጭው ሙቀት ጋር እስኪላመድ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ወይም ሁሉንም ፎቶ በሱቁ ውስጥ ማንሳት ይሻላል። በሱቅ ውስጥ ደግሞ የተለያየ ቀለም ያላቸው መብራቶች ሲቀላቀሉ ነጩ ቢጫ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ ይመስላል። ለዚህ መፍትሔው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። አንድ ነጭ ካርቶን ከዕቃው ሥርና ጀርባ ማድረግ፣ በአንድ ዓይነት መብራት ብቻ መሥራት፣ ስልኩን በማቆሚያ ላይ አስሮ ከአንድ ርቀት ማንሳት ይበቃል። ጠርሙስና ብርጭቆ ሲነሱ የመብራቱ ነጸብራቅና የአንሺው ምስል እንዳይታይ መብራቱ ከጎን ይደረጋል።

የጋራ ገበያዎች የምስል ደንብ ከራስ መደብር ይልቅ ጠበቅ ይላል። በአማዞን ለምሳሌ የዕቃው ዋና ምስል ጀርባ ፍጹም ነጭ መሆን አለበት፤ ዕቃውም የምስሉን 85 በመቶ ያህል መሙላት ይጠበቅበታል። ምስሉን አስጠግቶ ማየት እንዲቻል የረጅሙ ጎን ልክ ቢያንስ 1,000 ፒክሰል መሆን ይኖርበታል። በአይፎን ስልኮች የሚነሳ ፎቶ አንዳንድ መድረኮች በማይቀበሉት የፋይል ዓይነት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የካሜራውን ምርጫ ወደ ጄፔግ መለወጥ በኋላ የሚመጣን ድካም ያስቀራል።

የምስሉን ጀርባ በሶፍትዌር መቁረጥና ማንጻት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገደብ አለው። ጀርባውን ማጽዳት ዕቃውን አይለውጥም። ቀለሙን ማድመቅ፣ የተቧጨረውን ቦታ መሸፈን ወይም በዕቃው ላይ የሌለ ጥልፍ መጨመር ግን ገዢውን ማሳሳት ነው።

ሠንጠረዡ ውስጥ የሚደበቁ ስሕተቶች

በደማም የሚገኘው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ወደብ የአገሪቱ የባሕረ ሰላጤው በር ነው። በኮንቴይነር የሚገባው ዕቃ የራሱ የማሸጊያ ዝርዝርና ደረሰኝ አለው። አስመጪው ወይም አከፋፋዩ ይህን ዝርዝር በኤክሴል ከሰጠ፣ የዕቃው ኮድ፣ ብዛቱና ክብደቱ ከፎቶ መገመት አያስፈልግም። ሥራውን የሚጀምር ሰው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «አቅራቢው የላከው ዝርዝር አለ ወይ?» ብሎ ነው። ፎቶው የዝርዝሩን ጉድለት ይሞላል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የፎቶውን።

ኤክሴል በራሱ የሚያመጣቸው ስሕተቶችም አሉ። ረጅም ባርኮድ ሲገባበት እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ያሳጥረዋል፤ በዜሮ የሚጀምር ኮድ ከሆነም ዜሮውን ይጥለዋል። ስለዚህ የባርኮድና የኮድ ዓምዶች ቁጥር ከመግባቱ በፊት «ጽሑፍ» ተብለው መስተካከል አለባቸው። የዓረብኛ መግለጫ ያለበት ፋይል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ሥርዓት ካልተቀመጠ፣ ፊደሎቹ ወደማይነበቡ ምልክቶች ይለወጣሉ። በዋጋ ዓምድ ውስጥ በዓረብኛ አኃዝ የተጻፈ ቁጥርም አንዳንድ ሶፍትዌር እንደ ቁጥር ላይቆጥረው ይችላል፤ በዓምዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አኃዝ መጠቀም ይመከራል።

ሶፍትዌሩ ከፎቶ ያነበበው ባርኮድ ትክክል መሆኑን ለማጣራት የታወቀ የሒሳብ ዘዴ አለ። ከዐሥራ ሦስቱ አኃዞች የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለቱ ከግራ ጀምሮ በተራ በ1 እና በ3 ይባዛሉ፤ ውጤታቸው ይደመራል፤ ድምሩን ወደሚቀጥለው የዐሥር ብዜት ለማድረስ የሚጎድለው ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ መሆን አለበት። ለልምምድ 123456789012 የሚለውን ብንወስድ፣ በ1 የሚባዙት አኃዞች ድምር 26 ነው፤ በ3 የሚባዙት ድምር 22 ሲሆን ሲባዛ 66 ይሆናል። ጠቅላላው 92 ነው። ወደ 100 ለመድረስ 8 ስለሚጎድል መቆጣጠሪያው 8 ነው። ይህ ስሌት በኤክሴል ቀመር ከተጻፈ፣ አንድ አኃዝ የተሳሳተበትን ማናቸውንም ባርኮድ በቅጽበት ያሳያል።

ልዩ ልዩ መጠንና ቀለም ያለው ዕቃ በአንድ ስም ሥር መሰብሰብ አለበት። በአራት መጠንና በሦስት ቀለም የቀረበ አባያ ዐሥራ ሁለት ምርጫዎች ያሉት አንድ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ምርጫ የራሱ ኮድና የራሱ ብዛት ይኖረዋል። ሶፍትዌሩ ግን አንዱን ጥቁር በአንድ ፎቶ «ጥቁር»፣ በሌላው «ከሰል»፣ በሦስተኛው «ጥቁር ግራጫ» ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ገዢው «ጥቁር» ብሎ ሲፈልግ ሌሎቹ አይወጡለትም። ስለዚህ አሠሪው ያጸደቀው አጭር የቃላት ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጃል፦ ለቀለም፣ ለጨርቅና ለምድብ አንድ አንድ የዓረብኛ ስም። ሶፍትዌሩም ከዚያ ዝርዝር ውጭ እንዳይጽፍ ይታዘዛል። ይህ በተለይ ዓረብኛ ተናግሮ የማያነብ ሠራተኛን ይረዳል፤ ማመሳከር ያለበት ጥቂት የታወቁ ቃላትን ብቻ ይሆናልና።

ዋጋ፣ ግብርና ክብደት

በሳዑዲ ዓረቢያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2018 ጥር ወር ጀምሮ 5 በመቶ ነበር፤ ከ2020 ሐምሌ 1 ቀን ወዲህ 15 በመቶ ሆኗል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ375,000 ሪያል የሚበልጥ ነጋዴ ለታክሱ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ለሸማቹ የሚታየው ዋጋ ታክሱን ያካተተ መሆን አለበት።

በሠንጠረዥ ሥራ ላይ ከሚከሰቱት ከባድ ስሕተቶች አንዱ እዚህ ላይ ነው። በመደርደሪያ ላይ 115 ሪያል የተለጠፈበት ዕቃ ታክሱን አስቀድሞ ይዟል። በሠንጠረዡ ላይ እንደገና 15 በመቶ ቢጨመርበት 132.25 ሪያል ይሆናል፤ ገዢው በሱቁና በኢንተርኔቱ መካከል ሁለት ዋጋ ያያል። በተቃራኒው ታክስ ያልገባበት የደረሰኝ ዋጋ እንዳለ ከተጫነ ሱቁ ይከስራል። አንድ የተሳሳተ ቀመር መላውን ዓምድ ስለሚያበላሽ፣ ዋጋው ታክሱን የያዘ ይሁን ያልያዘ ከአሠሪው በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ክብደትም እንዲሁ በፎቶ አይገመትም። ብዙ የማድረሻ ድርጅቶች ከሚዛን ክብደት ሌላ የካርቶኑን ስፋት ያሰላሉ፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን በዚህ ስሌት 4.8 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ቀላል ልብስ ቢሆንም እንኳ። የማሸጊያው ልክ በሠንጠረዡ ካልገባ የማድረሻው ሒሳብ ከሽያጩ ትርፍ ሊበልጥ ይችላል።

ከመክፈት በፊት መመርመር

ሦስት መቶውን በአንድ ጊዜ ከመጫን በፊት ዐሥር ዕቃ መርጦ መሞከር የተሻለ ነው። ዐሥሩ ልዩ ልዩ ዓይነት መሆን አለባቸው፦ መጠን ያለው ልብስ፣ ማብቂያ ቀን ያለው ምግብ፣ ጠርሙስ፣ ጌጥ። በሙከራው የታየው ስሕተት በቀሪዎቹም እንደሚደገም ታስቦ መመሪያው ይታረማል። ከዚያ ሁሉም በረቂቅነት፣ ለገዢ ሳይታዩ፣ ይጫናሉ።

ምርመራው ሁለት ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ገንዘብን፣ ጤናንና እምነትን የሚነኩት ዓምዶች፣ ማለትም ዋጋ፣ መጠን፣ የጨርቅ ወይም የብረት ዓይነት፣ የምግብ ይዘትና ማብቂያ ቀን፣ ሳይቀሩ በሙሉ ከዕቃው ጋር ይመሳከራሉ። የቀረው መግለጫ ግን በናሙና ሊታይ ይችላል፤ ከሦስት መቶው ሠላሳውን በዕጣ አውጥቶ ማንበብ እንደ ምሳሌ ሊወሰድ ይችላል። በናሙናው ውስጥ አንድ የሐሰት ቃል ከተገኘ ያ ዓምድ በሙሉ ይታያል። ለዕቃው ማንሻ ሁለት ደቂቃ፣ ለምርመራው ሦስት ደቂቃ ቢመደብ፣ ሦስት መቶ ዕቃ ሃያ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ከስድሳው ሰዓት ጋር ሲተያይ ቅናሹ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ የሚውለው በመመርመር ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ምርመራውን ለማስቀረት ሲባል የሚገኝ ፍጥነት በኋላ በተመላሽ ዕቃ ይከፈላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ በ2019 ወጥቷል። ሕጉ የመደብሩ ባለቤት ማንነቱንና አድራሻውን፣ የዕቃውን ዋና ዋና ባሕርያትና ጠቅላላ ዋጋ እንዲገልጽ ያዛል። ሸማቹን የሚያሳስት ሐሰተኛ ማስታወቂያ ይከለክላል። ሸማቹ ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ካልተጠቀመበት፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በ7 ቀናት ውስጥ ውሉን የማፍረስ መብት አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ዕቃው ከ15 ቀናት በላይ ከዘገየም ውሉን ሰርዞ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ሕጉን የጣሰ ከማስጠንቀቂያ አንሥቶ እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል የሚደርስ ቅጣትና የመደብሩ መዘጋት ሊያጋጥመው ይችላል። «ሶፍትዌሩ ነው የጻፈው» የሚለው ምላሽ ሻጩን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ለገዢው ቃል የገባው ሻጩ ነውና።

ምግብ በመደብሩ ካለ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከኢትዮጵያ የመጣ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቡና በመንግሥቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደንብ መሠረት የዓረብኛ መለያና ቀን ሊኖረው ይገባል። መለያ የሌለውን የታሸገ ዱቄት አይቶ ሶፍትዌሩ የሚጽፈው የይዘት ዝርዝር ከግምት አያልፍም፤ የምግብ አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ግምት አደገኛ ነው።

የሌላ ሱቅን ፎቶ ከኢንተርኔት ወስዶ መጠቀምም የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሳል፤ ፎቶግራፍ በመንግሥቱ ሕግ የተጠበቀ የአንሺው ሥራ ነው። የራስን ዕቃ ራስ ማንሳት ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ገዢውም የሚያየው በእርግጥ የሚደርሰውን ዕቃ ይሆናል። በፎቶው ዳር የደንበኛ ፊት፣ የመኪና ሰሌዳ ወይም ስልክ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ እንዳይገባ መጠንቀቅም ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ከ2024 መስከረም ወር ወዲህ በሙሉ ተፈጻሚ ሆኗል። በስልክ የሚነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ በተለይ በመኖሪያ ቤት ለሚነሱ ዕቃዎች የካሜራውን የቦታ ምዝገባ ማጥፋት ይመከራል።

የሠራተኛው ድርሻና ድንበሩ

ይህን ሥራ በእጁ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ነው። ተቀጣሪ የአሠሪውን መደብር ዕቃ መመዝገቡ የሥራው አካል ነው። በሌላ ሰው ስም የተከፈተ መደብርን ለራሱ ጥቅም ማንቀሳቀስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዓረብኛ «ተሰቱር» የሚባለውን የተሸሸገ ንግድ የሚከለክለው ሕግ ከ2021 የካቲት ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ሊደርስ ይችላል፤ የውጭ ዜጋ ከሆነም ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ከአገር ይወጣል። በኢንተርኔት የሚካሄድ ንግድ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ስለዚህ ሠራተኛው ራሱን የሚጠብቅባቸው ጥቂት ልማዶች አሉ። የመደብሩ የይለፍ ቃል የባለቤቱ ሆኖ፣ ሠራተኛው በራሱ ስም በተከፈተለት የሠራተኛ መግቢያ ይግባ፤ ማን ምን እንደለወጠ ይታወቃልና። የገዢዎች ክፍያ ወደ ሱቁ ሒሳብ እንጂ ወደ ሠራተኛው የግል ሒሳብ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ዋጋንና የዕቃ ዓይነትን የሚመለከት ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በመልእክት ይቀበል። ዕቃው ሐር አለመሆኑን እያወቀ «ሐር ብለህ ጻፍ» የተባለ ሠራተኛም፣ መለያውን ፎቶ አንሥቶ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቁ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ሱቁን ከቅጣት፣ እርሱንም ከወቀሳ ሊያድን ይችላል።

ሙያው ራሱ የሚናቅ አይደለም። ዕቃን በሥርዓት መዝግቦ፣ ፎቶውን ከመለያው፣ መለያውን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር የሚችል ሰው በደማምና በኮባር ብቻ ሳይሆን ወደ አገሩ ሲመለስም የሚፈለግ ዕውቀት ይዟል። በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2020 ከወጣ ወዲህ ለኦንላይን ሽያጭ የሕግ መሠረት ተጥሏል።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የሱቁ በር እንደገና ይከፈታል። በሱቅ የገባ ገበያተኛ ጨርቁን ዳሶ፣ ሽቶውን አሽትቶ፣ ጫማውን ለክቶ ይገዛል። በኢንተርኔት የሚገዛው ግን በእጁ የሚዳስሰው የለም፤ የሠራተኛው ዓይን ስለ እርሱ አይቶ፣ የሠራተኛው እጅ ስለ እርሱ መዝኖ የጻፈውን ያምናል። ሶፍትዌሩ የጽሑፉን ድካም ያቀልላል፤ ዕቃውን በእጅ ይዞ ከተጻፈው ጋር የማመሳከሩ ሥራ ግን የሠራተኛው ነው።